ከለገሃሬ እስከ ቀፊራ፦ ጥላ እየተከተሉ በእግር

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ግንቡ ሥር ሎሚና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳያቸው የማዳበሪያ ጆንያቸውን ከግንቡ ራቅ አድርገው ዘርግተውት ነበር። 4 ሰዓት ላይ ተመልሼ ሳልፍ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ግንቡ ተጠግተዋል። 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጀርባቸው ግንቡን ነክቷል፣ ሎሚው ጉልበታቸው ሥር ገብቷል።

«እናቴ፣ ቦታ ቀየሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ የት እሄዳለሁ? የሄደው ጥላው ነው» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የሳቸው መልስ ነው። ድሬ ውስጥ ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ መንገድ ነው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዘልቅ ድሬም ሐረርም ተራው ደርሷቸዋል። ኮሪደር ሲባል ምን እንደሆነ አሁን ሁሉም ያውቃል። እግረኛ መንገድ ይሰፋል፣ መብራት ይተከላል፣ የሕንፃ ፊት ቀለም ይቀባል፣ አንዳንዱም ይፈርሳል። ሰው እንዲራመድ ታስቦ ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ግን በበርጫ ላይም በካፌም አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፦ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ሰውን የት እናስጉዘው? ምን እናሳየው?

የኔ መልስ አጭር ነው። ከለገሃሬ፣ ከዱሮው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ፣ በከዚራ ሰፈር አድርጎ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ቀፊራ ገበያና መጋላ ሰፈር የሚገባ መንገድ አለ። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይዘልም። የከተማዋ ታሪክ ከነገበያው እሱ ላይ ተደርድሯል። አዲስ ነገር መሥራት አያስፈልግም። ያለውን አለማበላሸት ይበቃል፤ እሱ ነው ከባዱ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

የድሮ የገበያ አዳራሾችን በእግር ማስጎብኘት በብዙ ከተሞች የተለመደ ነው። ሰው ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ሲታክተው ገበያ ያያል። በተለይ ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተሠሩት፣ ሞደርኒስት የሚባሉት አዳራሾች አፍቃሪያቸው ብዙ ነው። ሞደርኒስት ሲባል ጌጡ ተራግፎ የሕንፃው ሥራ ራሱ መልኩ የሆነበት አሠራር ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። ኮንክሪት ከብረት ጋር ተጋብቶ ሰፊ ቦታን ያለ ምሰሶ መክደን ሲቻል፣ ማን ቀድሞ ተጠቀመበት ብትሉ አንዱ ገበያ ነው።

ስፔን ውስጥ አልሄሲራስ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1935 መሐንዲሱ ኤድዋርዶ ቶሮሃ ለነጋዴዎቿ አንድ አዳራሽ ሠራላት። ጣሪያው 48 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የኮንክሪት ጉልላት ነው። መሃሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ውፍረቱ አናቱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። የዚህን ያህል ሰፊ ጣሪያ በዚህ ቅጥነት! ሥሩ ግን የሚሸጠው ያው ዓሣና ቲማቲም ነው።

ለኛ የበለጠ የሚቀርበን ግን የካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን ናት፤ አገሩ እንደኛው ይሞቃል። ትልቁ ገበያዋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። መሃሉ ትልቅ ጉልላት ነው፤ ከሱ አራት ክንፎች ይወጣሉ። ግድግዳውና ጉልላቱ በረድፍ በተደረደሩ ክፍተቶች የተሞላ ነው። ብርሃን ይገባል፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አትገባም። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሄዶ በክፍተቱ ይወጣል፣ ከታች ቀዝቀዝ ያለው ይተካዋል። ማቀዝቀዣ ማሽን አይፈልግም። ቤቱ ራሱ ይተነፍሳል።

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ጎረቤታችን አሥመራ አለች። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግባት የቆጠረላት ቤተ መንግሥት ሳይሆን ሲኒማ ቤቷን፣ ነዳጅ ማደያዋን፣ ሱቋንና ገበያዋን ነው። «ሞደርኒስት የአፍሪካ ከተማ» ነው ያላት። ያን ጊዜ የእኛ አገር ሰው ነዳጅ ማደያ እንዴት ቅርስ ይሆናል ብሎ ሲስቅ ሰምቻለሁ። አሁን አይስቅም መሰለኝ።

ድሬ ውስጥ የቶሮሃን የመሰለ ጉልላት የለም። የቀፊራ ቅስቶች የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው፣ ወደ ሰሜን አፍሪካ ወግ የሚያደሉ ናቸው። ሞደርኒስት ብሎ ታፔላ መለጠፍ አያስኬድም፤ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ያፍርብናል። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ለአንድ ችግር የተሰጡ መልሶች ናቸው፦ ብዙ ሰው፣ የሚበላሽ ዕቃ፣ ጠራራ ፀሐይ። እዚያም እዚህም የገበያ ሕንፃ የሚሸጠው የመጀመሪያ ዕቃ ጥላ ነው።

ባቡሩ የጣለው ገበያ

ጉዞው ከባቡር ጣቢያው ይጀምር። ለገሃሬ የሚለው የሰፈር ስም ራሱ ከፈረንሳዮቹ የመጣ ነው፤ «ላ ጋር» ማለት ጣቢያው ማለት ነው። እኛ አፍ ላይ ሲደርስ እንዲህ ሆነ።

አጼ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፣ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። ስለዚህ መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ደቻቱ አጠገብ ያለው ሜዳ ሲደርስ አንዲት ከተማ ተቆረቆረች። ስሟንም አዲስ ሐረር አሏት። ስሙ አልያዘም፣ ድሬዳዋ ቀረ።

ቀጥሎ የሆነው ነው ለኛ ጉዳይ ዋናው። የባቡሩ ኩባንያ ገንዘብ አጠረውና ከሰረ። ሥራው ለዓመታት ተንጓተተ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሃል ድሬ የመንገዱ መጨረሻ ሆና ቆየች። ከጅቡቲ የመጣው ጨርቅ፣ ጨውና ቆርቆሮ እዚህ ይራገፋል። ከዚህ በኋላ በግመልና በበቅሎ ነው። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳና ሌጦ ደግሞ እዚህ ይጫናል። ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ሁልጊዜ ገበያ ይወልዳል። የኩባንያው ኪሳራ የድሬ ትርፍ ሆነ ብል ማጋነን አይደለም።

ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመናዊው፣ ሕንዱ ሁሉ የመጣው ለዚህ ነው። ከሕንዶቹ ትልቁ የመሐመድአሊ ኩባንያ ነበር፤ እስከ 1929 ዓ.ም. ድረስ፣ ጣሊያን ከአገር እስካስወጣው ጊዜ። ግሪክ ካምፕ የሚባል ሰፈር ዛሬም አለ፤ ግሪኮቹ ግን የሉም።

ጣቢያው አሁን ጸጥ ብሏል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አደረገ። የዱሮው ጣቢያ ፊት ለፊት ባጃጅ ተሰልፏል፣ ሾፌሮቹ ወንበራቸው ላይ ተኝተዋል። ቱሪስት ሲመጣ ጣቢያውን ፎቶ ያነሳና በባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል። ከጣቢያው ጋር የተወለደው ገበያ ግን በእግር የሚደረስበት ነው።

ከዚራ

ከጣቢያው ወጥታችሁ ቀና ብላችሁ እዩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሰፈሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ በእርግጥም ተሰምሯል። ከዚራ በባቡር ኩባንያው ዘመን በፕላን የተነደፈ ሰፈር ነው። ቤቱ በረንዳ አለው፣ መስኮቱ የእንጨት መዝጊያ አለው፣ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል። እና ዛፍ አለ።

ስለ ዛፉ ትንሽ ልናገር። አበባው እሳት የመሰለ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የደቀቀ ያ ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። አዲስ አበባ ብትተክሉት፣ ሌላ ከተማ ብትተክሉት ስሙ «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው። አንድ ከተማ ለዛፍ ስሟን መስጠቷ ቀልድ አይደለም። የዛፉ ቁም ነገር ግን አበባው አይደለም፤ ቅርጹ ነው። ወደ ላይ ከማደግ ወደ ጎን መዘርጋት ይወዳል። ጃንጥላ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ዛፍ ቢተከል ቅርንጫፋቸው መሃል ላይ ይጨባበጣል። ሥሩ ገብታችሁ ስትሄዱ ሙቀቱ ወዲያው ሲቀንስ በቆዳችሁ ይሰማችኋል።

አሁን በየከተማው ፋሽኑ ዘንባባ ነው። ዘንባባ ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ሥሩ የሚጠለለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቀጭን ከሆነ።

አንድ ነገር ግን አብሮ መነገር አለበት። ያ ሁሉ ዛፍ ለማን ተተከለ? ከዚራ የባቡር ኩባንያው ሰዎችና የውጭ ዜጎች ሰፈር ነበር። የአገሬው ሰው የሚኖረው ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ ነው። ጣሊያን ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲገዛ ይህን ዓይነቱን መከፋፈል ሕግ አድርጎ ያዘው። የአዲስ አበባው መርካቶ እንኳን የተወለደው ገበያውን ከአራዳ አንስቶ «የአገሬው ገበያ» ብሎ ለብቻ በማስፈር ነው። ስለዚህ የድሬ ጥላ ታሪክ ንጹሕ ታሪክ አይደለም። ከወንዙ ወዲህ ጥላ በፕላን ተተከለ። ከወንዙ ማዶ ሰው ጥላውን ራሱ ሠራ። የእግር መንገዱ ከዚራ ላይ ብቻ ቢያበቃ፣ ይህን ግማሹን ታሪክ ቆርጦ መጣል ነው የሚሆነው። ብዙ ጎብኚ እዚያው አበባ ሥር ቡና ጠጥቶ «ድሬን አየኋት» ብሎ ይመለሳል። አቦ፣ ገና አላያትም!

ደቻቱ

ደቻቱን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ወንዝ ነው ብሎ አያምንም። ሰፊ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በመሃሉ ያቋርጣል፣ ፍየል ያልፋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ውኃው የሚመጣው ከደጋው ነው፤ ሲመጣ ደግሞ አስጠንቅቆ አይደለም። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይዘንብ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ለዚህ አካባቢ ግራ የሆነ ወር ነው። በወሩ መጀመሪያ ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ ተመዘገበች፣ ደስታ ሆነ። በወሩ መጨረሻ፣ ሐምሌ 30 ለሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ድሬ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቤትም ሱቅም ሸቀጥም ይዞ ሄደ። ዛሬ በወንዙ ዳር የምታዩት ከፍ ያለ የመከላከያ ግንብ የዚያ ለሊት ምልክት ነው። ጎብኚ ይዞ የሚያልፍ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ይህን ቢናገር ጥሩ ነው። ሐዘን ለማስጎብኘት አይደለም። ገበያው ለምን ወንዙ ዳር እንደሆነ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። በደረቅ ጊዜ ደረቅ ወንዝ ማለት ለግመልና ለአህያ ሰፊ መንገድ ነው። ከገጠር የሚመጣው ሰው በሱ ይመጣል። ገበያው ወንዙን የተጠጋው መንገዱን ብሎ ነው።

ቀፊራ

ቀፊራ ከሩቅ ግንብ ነው፣ ከቅርብ ድምፅ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ አፋርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲደባለቁ መስማት የፈለገ እዚህ ይምጣ። ቲማቲም ስም የሚለውጠው በየሁለት ሜትሩ ነው። ከገጠር የመጡት ሴቶች ሻሻቸው ቢጫና ብርቱካን ነው። የሙሸበኩ ስኳር ሽታ ከበርበሬው ሽታ ጋር ይጣላል። ከጎኑ ሐለዋ፣ ሳምቡሳ፣ ማንጎ፣ የተቆለለ ሽንኩርት፣ ጆንያ ሙሉ ሚጥሚጣ። ስታስነጥሱ ሻጯ ትስቅባችኋለች።

ግን እንደ ሕንፃ እንየው። የግንቡ ጥላ እንዴት ነው የሚሠራው?

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ይህ ቁጥር ለገበያተኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ሰዓት ቀጥ ያለ ግንብ ጥላ የለውም። ዜሮ ነው። በነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት ደግሞ ፀሐይ በቀትር ከሰሜን በኩል ታበራለች። በቀረው ዓመት ከደቡብ። አውሮፓ ውስጥ የሰሜን ግድግዳ በቀትር ሁልጊዜ ጥላ ነው። የአውሮፓን ሥዕል ገልብጦ እዚህ የሚሠራ ሰው ሰሜን በኩል በረንዳ አያደርግም። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያ ግድግዳ ምድጃ ይሆናል።

ስለዚህ እዚህ አገር ግንብ ብቻውን አይበቃም፤ ከአናት የሚከልል ነገር ያስፈልጋል። ቅስት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቅስት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ከላይ ይከድናል፣ ከታች ነፋስ ያሳልፋል። ወፍራም ግንብ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሙቀት እየጠጣ በቶሎ ወደ ውስጥ አያስገባም። ቅስቱ ሥር ለአንድ ደቂቃ ቁሙ። የሚነፍሰው አየር ከመንገዱ አየር የተለየ ነው።

የቀረውን ነጋዴው ሞልቶታል። ግንቡ ባላዳረሰበት ሸራ አለ። ሸራ በሌለበት የተቀደደ ጃንጥላ አለ። ጃንጥላ በሌለበት በሁለት እንጨት የተወጠረ የማዳበሪያ ጆንያ አለ። ይህ ሁሉ ከላይ ሲታይ ትርምስ ነው። ሥርዓት የለሽ ይባላል፣ ይነሳ ይባላል። እኔ ግን ደጋግሜ ሳየው ሥርዓት አለው። ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡት ወፍራሙን ጥላ ይይዛሉ፣ ምክንያቱም ጎመን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠወልጋል። ሽንኩርትና ድንች ሳሳ ያለው ይበቃቸዋል። ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ እሱ አይጠወልግም። የገበያው ካርታ የጥላ ካርታ ነው። ማንም አልነደፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ሎሚ ሻጯ እናት ከጥላው ጋር የሚንቀሳቀሱት በዚሁ ሕግ ነው።

መጋላ፣ እግረ መንገዳችንን ሐረር

ከቀፊራ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ መንገዱ ይጠባል። ሰፈሩ በሙሉ መጋላ መባሉ በራሱ ታሪክ ነው። በሐረሪ ቋንቋ መጋላ ገበያ ነው። ሶማልኛ ደግሞ መጋሎ ሲል ከተማ ማለቱ ነው። እዚህ ምሥራቅ ውስጥ ገበያና ከተማ አንድ ቃል ናቸው።

የመጋላ ጥላ የጠባብ መንገድ ጥላ ነው። ሁለት ግድግዳ ከተቀራረበ አንዱ ለሌላው ይጋርዳል። ፕላን አያስፈልገውም፣ ዛፍ አያስፈልገውም። ይህን ጥበብ በደንብ ለማየት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ፣ ሐረር መውጣት ነው። ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ፣ የፈረስ ገበያ፣ አለ። ግድር መጋላ፣ ትልቁ ገበያ፣ አለ፤ ከሥጋ ቤቱ አናት ላይ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ፣ ሥጋ ገዝታችሁ ፌስታሉን ካላላችሁት ነጥቀው ይሄዳሉ። ማኪና ግርግር ደግሞ ስሙ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በር ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ፤ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ለክታችሁ፣ ዞር ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ደርሷል።

ሐረር ይህን ሁሉ በእግር ማስጎብኘት የጀመረችው ከጥንት ነው። ግንብ አላት፣ በር አላት፣ አስጎብኚ አላት፣ ዩኔስኮ አላት። ድሬ ግን እንደ መተላለፊያ ትታያለች። ሰው አውሮፕላን ከድሬ ይወርድና ወዲያው ሐረር ይወጣል። ይሄ የቆየ ቅናት ነው፣ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አልደብቀውም።

የመስታወቱ ሕንፃ

አሁን ወደሚያናድደው ጉዳይ። አንድ ጓደኛዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሱቅ ተከራየ። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ሕንፃ አንድ ብቻ አይደለም። ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት ነው። ሲመረቅ «ድሬ ተለወጠች» ተባለ። ጓደኛዬም ጫማ ደርድሮ ጀመረ።

መስታወት ፀሐይን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን መልሶ አያስወጣም። መኪናችሁን በቀትር ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁን አስቡት። መስኮቱ የማይከፈት ሕንፃ ያ መኪና ነው። ማቀዝቀዣ አለ፣ መብራት ሲኖር። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ የሚሠራው ለሊፍቱና ለኮሪደሩ ነው። የሱ ሱቅ ውስጥ የጫማው ማጣበቂያ ለቀቀ። ሶሉ ተነቅሎ ቀረ። ሠላሳ ምንትስ ጥንድ ጫማ! አከራዩን ቢጠይቅ «ሙቀት የእግዚአብሔር ነው» አለው። አሁን መጋላ ውስጥ፣ በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ላይ ነው የሚሸጠው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ግድግዳው ክንድ ያህል ነው። ማቀዝቀዣው አንድ ቬንትሌተር ነው።

መስታወት ሁሉ ይፍረስ ማለቴ አይደለም። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያም የራሱ መልክና የራሱ ደንበኛ አለው፣ እኔም ስልኬን የገዛሁት እዚያ ነው። ግን መቶ ዓመት ያለፈው ቤት ለነጋዴው ተመችቶት፣ ትናንት የተመረቀው ካባረረው፣ «ዘመናዊ» የምንለው የትኛውን እንደሆነ ግራ ይገባል። እነዚያ የፕኖም ፔን መሐንዲሶች ዘመናዊ የተባሉት ሙቀትን ስላሸነፉ ነው፣ ስላንጸባረቁ አይደለም።

መንገዱ ቢሠራ

ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ መለወጥን ይከለክላል። ግን ሕግ የሚጠብቀው የታወቀውንና የተመዘገበውን ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥት ይመዘገባል። የገበያ በረንዳን ማን ያስመዘግባል? ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳን አይታወቅም፤ የቀበሌም፣ የተከራዩም፣ የሁሉም ነው። ስለዚህ መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። በረንዳ በካርታ ላይ ሲታይ «ወደ መንገድ የወጣ» ነው የሚባለው።

መንገድ ማስፋት ለድሬ ምን ማለት ነው? ሰፊ አስፋልትና ሰፊ ንጣፍ ፀሐይ የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። በቅስትና በዛፍ የሚሸፈን ሁለት ሜትር መንገድ፣ ባዶ ከሆነ ስድስት ሜትር ይልቅ ሰው ያራምዳል። እኔ ይህን የምለው ከወረቀት አይደለም። ቀን 7 ሰዓት ላይ ውጡና ሰው በየትኛው በኩል እንደሚሄድ እዩ። ግማሽ ክንድ ጥላ ካለ፣ ሁሉም በሷ ላይ ተሰልፎ እንደ ጉንዳን ነው የሚሄደው።

ሰዓቱም መታሰብ አለበት። ድሬ ከ6 ሰዓት በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ከአወዳይ የመጣው ጫት ይቀረጠፋል፣ ከተማው ጸጥ ይላል። ሙቀትን የማሸነፊያ ሌላኛው መንገድ ነው፣ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ ጎብኚውን ከምሳ በኋላ የሚያወጣ ሰው የተዘጋ በርና የሚነድ ድንጋይ ነው የሚያሳየው። ይህ ጉዞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ማታማ ሌላ ከተማ ናት።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። መንገዱ «የቱሪስት» ከተባለ፣ መጀመሪያ የሚነሱት ጉሊቶቹ ናቸው። ጽዳት ይባላል፣ ገጽታ ይባላል። ቅስቱ ቀለም ተቀብቶ፣ ሥሩ አበባ ተተክሎ፣ መብራት በርቶለት፣ ባዶውን ይቀራል። ያኔ ጎብኚው የሚያየው ግንብ ነው፤ ግንብ ደግሞ ሐረር ላይ የተሻለ አለ። ሻጮቹ እዚያው ቢቆዩና መጸዳጃ ቤት ቢሠራላቸው፣ የውኃ ቧንቧ ቢገባላቸው፣ ግንቡ ባላዳረሰበት በኩል ከጆንያ የተሻለ መከለያ ቢወጠርላቸው ቅርሱ ተጠበቀ ማለት ነው። ዋጋው ከመስታወቱ ሕንፃ ደጃፍ እብነ በረድ የሚበልጥ አይመስለኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቀፊራ ተመለስኩ። ሎሚ ሻጯ እናት ጠዋት የነበሩበት ቦታ ላይ የሉም። ፀሐይ ከደቻቱ በኩል መታዋለች፣ ውሻ እንኳን አልተኛበትም። ዞሬ ሄድኩ። ከግንቡ ማዶ፣ በምሥራቁ በኩል፣ ማዳበሪያቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሎሚው ግማሽ ሆኗል። ከጎናቸው ለሌላ ሰው የሚበቃ ጥላ ነበርና ቁጭ አልኩ።